የአሮጌ ናፍጣ ትራክተር የሞተር ዘይት መጠን እንዴት ይለካል? ከቢቸና አካባቢ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ያለኝ ትራክተር ማሲ ፈርጉሰን 135 ነው። ከሰው እጅ የገዛሁት ስለሆነ የመመሪያ መጽሐፍ የለውም። ባትሪው ደካማ በመሆኑ ማታ ማታ ከቤቴ አጠገብ ካለው ቁልቁለት ላይ ፊቱን ወደ ታች አድርገን እናቆመዋለን፤ ጠዋት አንደርድረን እናስነሳዋለን። ነጂው ከመነሣቱ በፊት ዲፕስቲኩን፣ ማለትም የዘይት መለኪያ ዘንጉን፣ ሲያወጣ ዘይቱ ሁልጊዜ ከታችኛው ምልክት በታች ስለሚሆን ይጨምርበታል። ቀን ማሳ ላይ ሲያየው ግን አንዳንድ ጊዜ ከላይኛው ምልክት አልፎ ይገኛል። አሁን ከሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ዘይት ይረጫል፤ ጥቁር አፈር ላይ ሲከብደውም ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። አንድ መካኒክ ዘይት የሚለካው ሞተሩ እየሠራ ነው ብሎናል። ሌላው ደግሞ ችግሩ ዘይቱ መጥቆሩ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ቀይሩት ይላል። የማንን እንመን? ሞተሩስ ስንት ሊትር ነው የሚይዘው?»

ምላሽ፦ ሁለቱም መካኒኮች የነገሩዎት ስህተት ነው። ነጂዎም በየጠዋቱ ሲለካ የቆየው ዘይቱን ሳይሆን ቁልቁለቱን ነው። ከዘረዘሯቸው ምልክቶች ስነሣ ሞተርዎ ዘይት የጎደለው አይመስለኝም፤ ከልኩ በላይ ተሞልቷል፣ ምናልባትም ናፍጣ ገብቶበታል። ስለዚህ ከዚህ በታች የማስረዳውን እስኪፈጽሙ ድረስ ዘይት መጨመሩን እንዲያቆሙ፣ ትራክተሩንም ለአንድ ትልም እንኳ እንዳያስነሱት እመክራለሁ።

ከቁልቁለቱ ልጀምር። የዘይት ገንዳው ከሞተሩ ሥር የተዘረጋ ረዘም ያለ ሣጥን ሲሆን ዲፕስቲኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባበት ከመሐሉ ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ወይም ወደ አንድ ጫፍ ተጠግቶ ነው። ትራክተሩ ሲያዘነብል ዘይቱ ወደ ዝቅተኛው ወገን ይሄዳል፤ ከፍ ባለው ወገን የገባ ዘንግ እጥረት፣ ዝቅ ባለው ወገን የገባ ዘንግ ትርፍ ያሳያል። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። በ10 ሜትር ርቀት 1 ሜትር በሚወርድ መሬት ላይ፣ ይህም ለዓይን ብዙ የማያስፈራ ቁልቁለት ነው፣ ዘንጉ ከገንዳው መሐል በራቀ ቁጥር በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ንባቡ በ1 ሳንቲ ሜትር ይዛባል። በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ርቀት በብዙ አሮጌ ሞተሮች ላይ ከሁለት ጣት ስፋት ስለማይበልጥ፣ ከመሐል 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር የራቀ ዘንግ ልኩን የያዘውን ገንዳ የጎደለ ሊያስመስለው ይችላል። የእርስዎ ትራክተር ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ሲቆም ዝቅ ያለ፣ ሌላ ቦታ ሲለካ ከፍ ያለ ንባብ መስጠቱ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ማሳ ላይ የሚያዩትንም ንባብ እንዲሁ አይመኑት። በሚታረስበት ጊዜ አንዱ የኋላ ጎማ በትልሙ ውስጥ ስለሚሄድ ትራክተሩ ወደ ጎን ያጋድላል፤ ነጂው እዚያው አቁሞ ዘንጉን ቢስብ የሚያገኘው ቁጥር እንደ ጠዋቱ የተዛባ ነው፣ ልዩነቱ የመዛባቱ አቅጣጫ ብቻ ነው። አንዱ ጎማ ነፋስ አጥሮበት የቆመ ትራክተር ላይም ይኸው ይደርሳል።

ሞተሩ እየሠራ ይለካል የሚለው አነጋገር ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። በአንዳንድ የካተርፒላር ዶዘሮች ላይ ዲፕስቲኩ ሁለት ፊት አለው፤ በአንዱ ሞተሩ እየሠራ የሚነበብበት፣ በሌላው ሞተሩ ቆሞ የሚነበብበት ምልክት ተቀርጾበታል። አውቶማቲክ ማርሽ ያላቸው መኪኖችም ብዙዎቹ የማርሽ ዘይታቸው የሚለካው ሞተሩ እየሠራ ነው። በመንገድ ሥራ መሣሪያዎች ላይ የሠራ መካኒክ ይህን ልማድ ይዞ ቢመጣ አያስደንቅም፤ ነገር ግን የእርስዎ ዓይነት የእርሻ ትራክተር እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። ሞተሩ ሲሠራ ከዘይቱ ከፊሉ በፊልትሮው፣ በቧንቧዎቹና በቫልቮቹ አካባቢ ስለሚሆን፣ ከፊሉም በክራንክሻፍቱ፣ ፒስተኖቹ በሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ብረት፣ ተመትቶ በገንዳው ውስጥ ስለሚረጭ ዘንጉ ላይ የሚነበብ ትክክለኛ መስመር አይገኝም። በዚያ ላይ እጅን ከሚሽከረከር የራዲያተር ማራገቢያና ከቺንጋው አጠገብ ማድረግ ለአንድ ንባብ የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

ቀንና ጠዋት የተለያየ ንባብ የሚሰጥበት ሌላ ምክንያትም አለ። ዘይት ሲሞቅ ይለጠጣል። ከ15 ዲግሪ ወደ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ መጠኑ ወደ 5 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በ7 ሊትር ላይ ይህ አንድ ሦስተኛ ሊትር ነው። በተቃራኒው ሞተሩ ገና እንደ ጠፋ፣ በሞተሩ የላይኛው ክፍል የቀረው ዘይት ወደ ገንዳው ስላልወረደ ንባቡ ዝቅ ይላል። ሁለቱ ኃይሎች እርስ በርስ ስለሚጎተቱ አንድ ሰው በምሳ ሰዓት፣ ሌላው በማታ፣ ሦስተኛው በንጋት የለካቸው ቁጥሮች ሊነጻጸሩ አይችሉም። የሚሻለው አንድ ሰዓት መርጦ በዚያ መጽናት ሲሆን፣ ከሁሉ የሚታመነው ሌሊቱን በደልዳላ ቦታ ያደረ ትራክተር ጠዋት ከመነሣቱ በፊት ነው። በሥራ መሐል መለካት ግድ ከሆነ ሞተሩን አጥፍቶ ቢያንስ 15 ደቂቃ መጠበቅ ይገባል።

አለካኩ ራሱ ቀላል ይመስላል፤ ስህተቱ ግን በጥቃቅኑ ውስጥ ነው። ዘንጉን ከመሳብዎ በፊት ዙሪያውን በጨርቅ ይጥረጉት፤ በበጋ የማሳው አቧራ፣ በውቂያ ጊዜ ደግሞ የጤፍ ገለባ በዘንጉ አፍ ላይ ተከምሮ ስለሚቆይ ሲሳብ ወደ ገንዳው ይወድቃል። የመጀመሪያው ንባብ አይቆጠርም፤ በቱቦው ግድግዳ ላይ ያለ ዘይት ዘንጉን ስለሚቀባው ነው። ክር በማይጥል ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት፣ እስከ መቀመጫው ድረስ ይግፉት፣ ከዚያ አውጥተው ጫፉን ወደ ታች አድርገው በሁለቱም ፊት ያንብቡት። ሁለቱ ፊቶች ከተለያዩ ዝቅተኛውን ይውሰዱ፤ ከፍ ብሎ የሚታየው ቱቦው የቀባው ነውና። ዘንጉ እስከ መጨረሻው ካልተቀመጠ ወይም መቀመጫው ላይ ያለው ቀለበት ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ንባቡ ከንቱ ይሆናል።

ስለ መጥቆሩ አጭር መልስ ይበቃል። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጠቁራል፤ የሚያጠቁረው ከቃጠሎው የሚመጣ ጥላሸት ሲሆን ዘይቱ ጥላሸቱን ተሸክሞ መያዙ ሥራውን መሥራቱን ያሳያል። በተለይ በደጋው፣ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ፣ ናፍጣውን ለሲሊንደሮቹ የሚያድለው ፖምፓ ለቆላ እንደተስተካከለ ከቀረ ናፍጣው ከአየሩ ስለሚበዛ ጭሱም ጥላሸቱም ይጨምራል። ዘይት የሚቀየረው በቀለሙ ሳይሆን በሠራበት ሰዓት ነው። ባረጀ ሞተር፣ አቧራ በሚበዛበት እርሻ፣ እኔ ከ100 የሥራ ሰዓት በላይ እንዲቆይ አልመክርም። የሚያስፈራው ቀለም ሌላ ነው፤ ወተት የመሰለ ወይም የቡና በወተት መልክ ያለው ዘይት ውኃ እንደገባበት ይናገራል።

አሁን ዘይት ሲተርፍ ምን እንደሚያደርግ እንመልከት፤ በእኛ አካባቢ «ቢጎድል ይጎዳል፣ ቢበዛ ግን ምን ይላል» የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሞተር ያበላሸ ስለሆነ ነው። ዘይቱ ከልኩ ሲያልፍ ክራንክሻፍቱ በሚዞርበት ጊዜ ይነካዋል፤ እየናጠ አረፋ ያደርገዋል። አረፋ የሆነ ዘይት አየር የተቀላቀለበት ስለሆነ ብሮንዚኖቹን፣ ክራንክሻፍቱ የሚዞርባቸውን ማረፊያዎች፣ እንደ ሙሉ ዘይት አይሸከምም፤ ሙቀቱም ይጨምራል። ትርፉ መውጫ ፍለጋ በመተንፈሻ ቱቦው ይረጫል፣ በተዳከሙ ፋሻዎች (የፒስተን ቀለበቶች) በኩል ወደ ቃጠሎው ክፍል ወጥቶ ሰማያዊ ጭስ ይሆናል፣ ወደ ኋላም በክራንክሻፍቱ የኋላ ጫፍ በኩል ወደ ፍሪሲዮኑ ቤት ይወጣል። በዚህ ትራክተር ላይ በሚገኘው፣ ፐርኪንስ በተባለው ሞተር የኋላው ዘይት መከላከያ እንደ ዛሬዎቹ ሞተሮች ከንፈር ያለው ፓራኦሊዮ ሳይሆን የገመድ ዓይነት ማሸጊያ ነው፤ ልኩን የያዘ ዘይትን እንጂ ጎርፍን እንዲያግድ አልተሠራም። የመተንፈሻው መርጨትና የፍሪሲዮኑ መንሸራተት በአንድ ጊዜ መምጣታቸው ከአንድ ምንጭ እንደሚነሡ ጥሩ ማስረጃ ነው።

«ስንት ሊትር ይይዛል» ላሉት፣ የማሲ ፈርጉሰን 135 ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር የሚይዘው 7 ሊትር ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ግን እንደ ዓይን ምስክር አይያዙት፤ ይኸው ሞተር በተለያዩ መሣሪያዎች ላይ በተለያየ ገንዳ ተገጥሞ ስለ ተሠራ የያዘው መጠን ይለያያል፤ በዕድሜው ገንዳው ተቀይሮ ሊሆንም ይችላል። ይህ ትራክተር መመረት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ሲሆን እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ዘልቋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ዲፕስቲኩ ሳይጠፋ፣ ጫፉ ሳይሰበር ወይም ከሌላ ሞተር በመጣ ዘንግ ሳይተካ ቀርቷል ብሎ ማመን አስቸጋሪ ነው። እኔ የማላውቀው አሮጌ ትራክተር ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዘንጉን ነው፤ የዘንጉ ልክነት ከተረጋገጠ በኋላ ነው ስለ ዘይቱ የምነጋገረው።

ስለዚህ የሚከተለውን ያድርጉ። ትራክተሩን ሳያስነሱ ገፍተው ወይም አስጎትተው ወደ ደልዳላ መሬት ያውርዱት። ደልዳላ የሚሉት መሬት በዓይን ሳይሆን በልክ ደልዳላ መሆን አለበት፤ ረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ ላይ ውኃ ልክ አስቀምጠው፣ ወይም ግንበኞች በሚጠቀሙበት ግልጽ የውኃ ቱቦ አራቱ ጎማዎች የሚያርፉበትን ነጥብ ያስተካክሉ። ሌሊቱን እዚያ ይደር። ጠዋት ከገንዳው ሥር ያለውን የዘይት ማውጫ ታፖ ሙሉ በሙሉ ሳይፈቱ ላላ ያድርጉትና የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች በንጹሕ ብርጭቆ ይቀበሉ። ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ በገንዳው ውስጥ ካለ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ከዚያ ዘይቱን በሙሉ በንጹሕ ጀሪካን አውጥተው ይለኩት። ቀዝቃዛ ዘይት ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ታፖው ተከፍቶ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይ፤ ፊልትሮውንም አውርደው በውስጡ ያለውን ከዚያው ጋር ይደምሩ። ትራክተሩን በክሪክ አንሥተው ሥሩ አይግቡ፤ ታፖው ከጎን በመሆን የሚደረስበት ነው።

የወጣው 9 ወይም 10 ሊትር ከሆነ ጥርጣሬዬ ልክ ነበር ማለት ነው። ነጂው ጨመርኩ ከሚለው ጋር ካልተመጣጠነና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ፈሳሽ ተጨምሯል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ገንዳው ባዶ በሆነበት በዚህ አጋጣሚ ዘንጉን ልክ ማስያዝ ይቻላል፤ ይህ ሥራ በአንድ ጠዋት ተጠናቆ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። አዲስ ፊልትሮ ይግጠሙ፣ ከመመሪያው ልክ፣ መመሪያ ካላገኙም ከላይ ከጠቀስኩት 7 ሊትር ገደማ፣ 1 ሊትር ተኩል አጉድለው አዲስ ዘይት ይሙሉ። መለኪያው የታሸገው የዘይት ጠርሙስ ራሱ ይሁን፤ ጀሪካን ላይ ያለ መስመር አይታመንም፣ ከበርሜል በልቅ የሚሸጥ ዘይትም ምን እንደሆነ አይታወቅም። ሞተሩን አስነሥተው የዘይት ግፊቱ እስኪወጣና ፊልትሮው እስኪሞላ ለጥቂት ደቂቃዎች በዝቅተኛ ፍጥነት ያሠሩት፤ ከዚያ አጥፍተው እስኪወርድ ይጠብቁ። አሁን ዘይቱ በዘንጉ ላይ የደረሰበት ቦታ የእርስዎ ታችኛ ምልክት ነው። የቀረውን 1 ሊትር ተኩል ይጨምሩ፣ እንደገና ይጠብቁ፤ የደረሰበት ቦታ ላይኛው ምልክት ነው። ሁለቱ ነባሮቹ ምልክቶች ላይ ካረፉ ዘንጉ የራሱ ነው። ካላረፉ በቀጭን ሞረድ በስሱ ይጭሩት፤ ጥልቅ አድርጎ መቁረጥ አይገባም፣ ዘንጉ በዚያው ተሰብሮ ጫፉ ገንዳው ውስጥ ሊወድቅ ይችላልና። ከዚያ በኋላ ዘይት ሁልጊዜ ላይኛው ምልክት ላይ እንዲሆን መድከም አያስፈልግም። ብዙ ያረጁ ሞተሮች የላይኛውን ጥቂት ዘይት ቶሎ አውጥተው ከዚያ ይረጋጋሉ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ከሆነ ሞተሩ ሙሉ ነው። ሲጨምሩም ከግማሽ ሊትር አይለፉ፣ ጠብቀው እንደገና ይለኩ።

የዘይት ዓይነትን በሚመለከት ለደጋው የጎጃም ጠዋት 15ደብሊው-40 የተባለው የናፍጣ ሞተር ዘይት ይስማማል።

አሁን ወደ ናፍጣው ልመለስ። በአሮጌ ሞተር ከሚቀንስ ዘይት ይልቅ የሚጨምር ዘይት ያስፈራኛል። ያረጀ ሞተር ጥቂት ዘይት መብላቱ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ «የእኔ ትራክተር ዘይት ፈጽሞ አይቀንስም» የሚል ባለቤት ሳገኝ ደስ አይለኝም፣ የጎደለውን ናፍጣ እየተካለት ይሆናልና። ናፍጣ የገባበት ዘይት ይቀጥናል፣ ብሮንዚኑን መሸከም ያቅተዋል፣ ግፊቱም ሞተሩ ሲሞቅ ይወርዳል። በዚህ ፐርኪንስ ላይ ሞተሩ ሞቆ በሙሉ ፍጥነት ሲሠራ ግፊቱ ከ30 እስከ 60 ፒ.ኤስ.አይ. (በጌጁ ላይ የሚነበብ የግፊት መለኪያ) ባለው ውስጥ መሆን አለበት። የግፊት ጌጅ ግን የመጠን መለኪያ አይደለም፤ መጠኑ ልክ ሆኖ ግፊቱ ሊወርድ፣ መጠኑ አደገኛ ደረጃ ደርሶም ግፊቱ ደህና ሊመስል ይችላል።

ናፍጣ መኖሩን በቤት ውስጥ ማወቅ አያስቸግርም። ከወጣው ዘይት አንድ ጠብታ፣ ከአዲሱም አንድ ጠብታ በተጋደመ የቆርቆሮ ቁራጭ ላይ ጎን ለጎን ያፍስሱ፤ የአሮጌው በግልጽ ቀድሞ ከወረደ ቀጥኗል። ሽታውም ይናገራል። ውኃ መኖሩን ለማየት ጠብታውን በጋለ ብረት ላይ ያንጠባጥቡ፤ ንጹሕ ዘይት ይጨሳል፣ ውኃ ያለበት ግን ይንጣጣል። ዓይንን ራቅ አድርጎ መሆን አለበት።

በማሲ ፈርጉሰን 135 ላይ ናፍጣ የሚገባባቸው ዋና በሮች ሁለት ናቸው። አንዱ ከሞተሩ ጎን ያለው የናፍጣ መሳቢያ ፓምፕ ነው፤ በውስጡ ያለው ላስቲክ መሰል ሽፋን ሲቀደድ ናፍጣው ወደ ሞተሩ ይወርዳል። ሁለተኛው የኢንጀክሽን ፖምፓው ዘንግ ማሸጊያ ነው። ካቭ የተባለው ተሽከርካሪ ፖምፓ በራሱ ናፍጣ የሚለሰልስ ስለሆነ ማሸጊያው ሲያረጅ ናፍጣው በጥርሶቹ ቤት በኩል ወደ ዘይቱ ይገባል። የሚያንጠባጥብ ኖዝልም፣ ማለትም ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው ጫፍ፣ ሦስተኛ ተጠርጣሪ ነው፤ ሆኖም ራሱን በነጭ ጭስና በሚያንኳኳ ድምፅ ያጋልጣል። በዚህ ትራክተር ላይ የናፍጣ ታንከሩ ከሞተሩ በላይ ስለሆነ ናፍጣው ሞተሩ ጠፍቶም በክብደቱ ብቻ ሊወርድ ይችላል፤ ይህም ጥሩ መመርመሪያ ይሰጠናል። ትራክተሩ በደልዳላው ቦታ ቆሞ ማታ የዘይቱን መጠን ምልክት ያድርጉበትና የታንከሩን መዝጊያ ክፍት ትተው ይደር፤ በማግስቱ ማታ ደግሞ መዝጊያው ተዘግቶ ይደር። በመጀመሪያው ሌሊት ከፍ ብሎ በሁለተኛው ካልተንቀሳቀሰ በሩ የመሳቢያው ፓምፕ ወይም የፖምፓው ማሸጊያ ነው። የመሳቢያው ፓምፕ በቀላሉ ወርዶ የሚታይ፣ ዋጋውም አነስተኛ ስለሆነ በእሱ ይጀምሩ። ፖምፓው ከሆነ ግን በማሳ ዳር የሚፈታ ዕቃ አይደለም፤ መሞከሪያ ማሽን ወዳለው ፖምፓ ሠሪ መሄድ አለበት።

ብዙ ናፍጣ የተጨመረበትን ሞተር አለማስነሣት ያልኩበት ምክንያት አለ። የቀጠነውና የተረፈው ዘይት ወደ ቃጠሎው ክፍል ከገባ ሞተሩ እሱን እንደ ነዳጅ ይዞ ከቁጥጥር ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ የማጥፊያውን እጀታ መሳብ አይረዳም፣ ከፖምፓው የሚመጣውን ናፍጣ ብቻ ነውና የሚዘጋው። እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ የአየር መግቢያውን በጠፍጣፋ ጣውላ መዝጋት ነው መፍትሔው፤ በእጅ መዳፍ መዝጋት አደገኛ ነው። በዘይት የሚያጠራው የአየር ፊልትሮም ተመሳሳይ አደጋ አለበት። የራሱ ሳህንና የራሱ ምልክት አለው፤ ከምልክቱ በላይ የተሞላ እንደሆነ ሞተሩ ዘይቱን ይስበዋል። በሞተር ዘይት ላይ ያየሁትን ያለልክ መሙላት በዚህ ሳህን ላይ ደጋግሜ ስለማየው ነጂዎን በዚህም ያስጠንቅቁት።

ቤላሩስ የተባለው ትራክተር ያላችሁ አንባቢዎች የአለካኩ ሥርዓት አንድ መሆኑን፣ የትርፉ ምንጭ ግን ሊለያይ እንደሚችል እወቁ። በደርግ ዘመን ናዝሬት ይገጣጠም የነበረው የቤላሩስ ሞዴል፣ ኤምቴዜድ 80፣ የመሪው ሃይድሮሊክ ፓምፕ በሞተሩ ጥርሶች የሚዞር ስለሆነ ማሸጊያው ሲያልቅ የመሪው ዘይት ወደ ሞተሩ ይገባል። የመሪው ዘይት በጎደለ መጠን የሞተሩ ከጨመረ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። የሲሊንደሮቹ ላይነሮች (ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው እጅጌዎች) በቀጥታ ውኃ የሚነካቸው በመሆናቸውም የታችኛው የጎማ ቀለበት ሲደርቅ የራዲያተር ውኃ ወደ ገንዳው ይወርዳል። ይህ ሞተር ሲጠፋ የሚሽከረከረው የዘይት ማጣሪያ ለግማሽ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ሲያፏጭ ይሰማል፤ ድምፁ ከጠፋ ማጣሪያው በቆሻሻ ተሞልቷል።

ስለ ማቆሚያ ቦታው ያለዎት አማራጭ ጠባብ ነው። ቁልቁለት ላይ ማቆሙን የግድ የሚቀጥሉ ከሆነ፣ ዘንጉን በደልዳላ መሬት ልክ ካስያዙ በኋላ በማግስቱ በለመዱት ቁልቁለት ላይ፣ ጎማዎቹ በሚያርፉባቸው የታወቁ ድንጋዮች ላይ አቁመው ንባቡን ይመዝግቡ። ያ ንባብ የሚያገለግለው ግን ለዚያ ቦታና ለዚያ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ዝናብ መሬቱን በሸረሸረው ጊዜ ወይም ሌላ ነጂ ትራክተሩን ወደ ላይ አዙሮ ባቆመው ቀን ዋጋ ያጣል። እኔ አልወደውም። የእጅ ፍሬኑ ባረጀ ትራክተር ላይ ቁልቁለት ማደር ራሱን የቻለ አደጋ ስለሆነ፣ የእኔ ምክር ባትሪውንና ሞተሪኖውን አስጠግኖ ትራክተሩን ደልዳላ ላይ ማሳደር ነው። ለዘይት ያለ ልክ የወጣው ገንዘብ የባትሪውን ዋጋ ሳያካክስ አይቀርም።

ከዚያ በኋላ አንድ ደብተር ይያዙ፤ የጨመሩትን ዘይትና የቀዱትን ናፍጣ ብቻ ይጻፉበት። የሰዓት ቆጣሪው ባይሠራም ናፍጣው ሰዓቱን ይተካል። ለ100 ሊትር ናፍጣ ግማሽ ሊትር ዘይት ቢበላ ላረጀ ሞተር አላማርርም። ከ1 ሊትር ካለፈ ፋሻዎቹን፣ የቫልቭ መሪዎቹንና በውጭ የሚያንጠባጥበውን መመርመር ይገባል።

ፍሪሲዮኑን በተመለከተ እሱን ለማየት ብለው አሁኑኑ ትራክተሩን ከመሐሉ ለሁለት አያስፈቱት። ከፍሪሲዮኑ ቤት ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ ውስጡ ያለው የሽቦ ቁልፍ በጭቃ ተደፍኖ ከሆነ ያጽዱት። ከዚያ የሚንጠባጠበው ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት ነው፤ ፈካ ያለና ወፍራም ከሆነ ግን የማርሽ ሣጥኑ ነው፣ ያን ጊዜ ጥፋቱ ሌላ ማሸጊያ ላይ ነው። የሞተሩን ዘይት ልክ ካስያዙ በኋላ ቀላል ሥራ እየሠሩ ለጥቂት ቀናት ይጠብቁ። ጥቁሩ ጠብታ ከቆመ የገመዱ ማሸጊያ ጤነኛ ነው፤ ዘይት የጠጣው የፍሪሲዮን ሸራ ግን በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፣ መንሸራተቱ ከቀጠለ ይቀየራል። ጠብታው ካልቆመ፣ መተንፈሻ ቱቦውም ሞተሩ ሞቆ ሳለ ከፊቱ የያዙትን ካርቶን በኃይል የሚገፋ ከሆነ፣ ፋሻዎቹ ስላረጁ የቃጠሎው ግፊት ወደ ገንዳው እየገባ ዘይቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሸራውንና ማሸጊያውን ብቻ ቀይሮ መግጠም ገንዘብ ማባከን ስለሆነ ሞተሩ ወርዶ በሙሉ ይታደስ።